ልጓም ከመቀየርህ በፊት አፉን አስከፍት

ወንድሜ፣ «ፈረሴ ወደ ግራ ስመልሰው ጭንቅላቱን ያዘነብላል፣ ዛቡን (የልጓሙን መሳቢያ) ስስብ ደግሞ አልሄድም ብሎ ይገተራል፤ ከምን ይሆን?» ላልከው፣ አብሽር። የኔም ዳማ ልክ እንደዚህ ነበር። ያንተም ከአፉ ነው ብዬ እወራረዳለሁ።

1. ልጓም አትቀይር። ሰኞ ገበያ ብትወጣ «እልኸኛ ነው፣ ጠንከር ያለ ልጓም አግባበት» የማይልህ የለም። አገጩን የሚዞር ቀለበት ያለው የአገራችን ልጓም ድሮም ጨካኝ ነው። አፉን ያመመው ፈረስ በዚያ ላይ ሲጎተት ቢያምፅ ምን ይፈረድበታል?

2. ለያይተህ ሞክር። መጀመሪያ በባዶ ገመድ ግራና ቀኝ አዙረው። ከዚያ ኮርቻ ጨምር። ልጓም መጨረሻ። ኮርቻ ሲጫን ከጀመረው ጀርባውን ዳስስ። ምንም ሳይደረግበት ቆሞም ካዘነበለ ጆሮውን እይ፣ መዥገር እዚያ መግባት ይወዳል። ከንፈሩ ባንድ ወገን ከተንጠለጠለ ወይም ከተንገዳገደ ግን ጊዜ አትስጠው፣ ሐኪም ጥራ። የኔው በገመድ ሲሄድ ሙሽራ ነበር። ልጓም ሲገባ ነበር የሚያብደው።

3. ሐኪሙ አፉን ከፍቶ ይይ። እኔን ያቃጠለኝ እዚህ ላይ ነው። ደሴ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት፣ ስሙን ልተወው። ሰውዬው ከወንበሩ ሳይነሳ «ትል ነው» ብሎ መርፌ አዘዘ። «አፉንስ አታየውም?» ብለው «ሐኪሙ አንተ ነህ እኔ?» አለኝ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት። የካርድ ከፈልኩ፣ የመድኃኒት ከፈልኩ፣ ፈረሱ ያው። ጭራሽ ድርቆሹን በግማሽ አኝኮ እየጠቀለለ መትፋት ጀመረ። ገብሱም ሳይፈጭ ከፋንድያው ጋር ይወጣል። ይህን ያስተዋልኩት እኔ ነኝ እንጂ ባለ ጋዋኑ አይደለም!

ኋላ አንድ ወጣት ሐኪም እቤቴ ድረስ መጣልኝ። ማረጋጊያ ወጋው፣ አፉን በብረት ከፈተ፣ በባትሪ አሳየኝ። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ በጉንጭ በኩል ያለው ጠርዙ ስለት ሆኗል። ግራ ጉንጩ ውስጡ ቆስሏል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የፈረስ የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ይሰፋል፣ ጥርሱም እያለቀ ከስር ይወጣል። ስለዚህ ከታችኛው ጋር የማይፋጨው የውጭ ጠርዝ እየሾለ ይሄዳል። ዛብ ስትስብ ጉንጩን እዚያ ላይ ትጭነዋለህ። ወጣቱ በረጅም ሞረድ ሞርዶ አስተካከለው። ቁስሉ እስኪድን ያለ ልጓም አሳረፍኩት፣ አሁን ባንድ ጣት ይታዘዛል። ጥርሱን በየዓመቱ አሳያለሁ።

እጅህን አፉ ውስጥ እንዳትከት፣ ጣት ይቆርጣል። ከውጭ ጉንጩን ከዓይኑ በታች ጀምረህ ወደ አፉ ጫን ጫን እያደረግህ ውረድ። ባንዱ ወገን ከሸሸ ለሐኪሙ ያንን ንገረው። አፉን ሳይከፍት «ትል ነው» ካለህ ሳትከፍል ፈረስህን ይዘህ ውጣ። የወጣቱን ሐኪም ስልክ በውስጥ እልክልሃለሁ። ኮምቦልቻም ብትሆን ይመጣል፣ ትራንስፖርቱን ብቻ ቻለው።