ፈላጊው በበዛበት ዲፓርትመንት ለመግባት ለምታስቡ

ውድ ልጆቼ፣

የዲፓርትመንት ምርጫ በመጣ ቁጥር «ስንት ነጥብ ያስገባል?» ትሉኛላችሁ። ለረጅም ዘመን አስተምሬያለሁ፤ በተማሪ መራጭ ኮሚቴም ተቀምጫለሁ። ለዚህ ጥያቄ ግን ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። መቁረጫ ነጥብ የሚባለው ወንበር ያለቀበት ቦታ ነውና። የመጨረሻውን ወንበር ያገኘው ተማሪ 3.4 ካለው መቁረጫው 3.4 ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት አመልካች ከበዛ ደግሞ 3.4 ያለው ውጭ ይቀራል። ያምናው ቁጥር ፍንጭ እንጂ ዋስትና አይደለም።

የወንበሩ ብዛትም ከእናንተ ጉብዝና ጋር አይገናኝም። በሕክምናና በነርሲንግ ልክ የሚያበጀው ሆስፒታሉ በአንድ ጊዜ ስንት ተለማማጅ መያዝ መቻሉ ነው። በአርክቴክቸር የስቱዲዮ ጠረጴዛ ያጥራል። በኮምፒውተር ሳይንስ ደግሞ መምህር፤ ጎበዝ ጎበዙን ኩባንያዎች በደመወዝ ይወስዱታል። ስለዚህ ያልገባ ሁሉ አልረባም ማለት አይደለም።

ከሁሉ በፊት የመግቢያ ደንቡን አንብቡ። እኔ ያየሁት ብዙ ተማሪ የሚሸነፈው ፈተናው ላይ ሳይሆን ደንቡን ዘግይቶ በማንበብ ነው። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ገና ከጅምሩ በቀጥታ ለዲፓርትመንቱ ይቀበላል፤ ሌላው ሁሉን ካስገባ በኋላ በመጀመሪያ ዓመት ውጤት ያወዳድራል። ደንቡም ባለበት አይቆምም። በአሜሪካው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ ውስጥ፣ ለዓመታት ሦስት መሠረታዊ ኮርሶችን ወስዶ በእነሱ 3.3 አማካይ ያመጣ ኮምፒውተር ሳይንስን መምረጥ ይችል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ከገቡት ተማሪዎች ጀምሮ ግን ዋናው በር ተማሪው ለዩኒቨርሲቲው ሲያመለክት የሚሰጠው ቀጥታ ቅበላ ሆነ። በጀርመንም ሕክምና ለመማር ወረፋ የጠበቁበት ዓመት ራሱ ይቆጠርላቸው ነበር፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወሰነ በኋላ አሠራሩ ተለውጦ ዛሬ ዋናው ቦታ ለሦስት ተከፍሏል፦ 30 በመቶው በመልቀቂያ ፈተና ውጤት፣ 10 በመቶው ከዚያ ውጭ ባለ የብቃት መመዘኛ፣ 60 በመቶው ዩኒቨርሲቲዎቹ በሚያወጡት መስፈርት። ታላቅ ወንድማችሁ በገባበት መንገድ እናንተም ትገባላችሁ ብላችሁ አትተማመኑ።

ውድድሩ በመጀመሪያ ዓመት ውጤት ከሆነ፣ አጠቃላይ አማካዩ ብቻውን አይበቃም። ብዙ ጊዜ ለብቻቸው የሚታዩት ቅድመ ሁኔታ የሆኑት ኮርሶች ናቸው። አማካዩን ለማሳመር በቀላል ኮርስ የሞላ፣ ካልኩለሱ ላይ ግን ሲ ያለበት ፋይል ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ዝም የሚባልበትን ጊዜ አውቀዋለሁ።

ደብዳቤ ከተጠየቃችሁ ደግሞ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሕልሜ ነበር» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ክምሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጀምረው። አንዲት ልጅ ለትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት የውሰት መመዝገቢያ ፕሮግራም ጽፋ ነበር። ደብዳቤዋ ስለ አንድ ስሕተት ብቻ ያወራል፦ ስማቸው እስከ አባት የሚመሳሰል ሁለት ተማሪዎች ነበሩ፤ ፕሮግራሙ የአንዱን መጽሐፍ በሌላው ላይ ይመዘግባል። ነገሩን እንዴት እንደደረሰችበት፣ ለምን ለእያንዳንዱ ተማሪ ቁጥር እንደሰጠች፣ የቀድሞውን መዝገብ ለማረም ምን እንዳደከማት ጽፋለች። «ፍቅር» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም። ከኮሚቴው አንዱ ተቀብሎ እንደገና አነበበው። (ጥሩ ደብዳቤ ግን የወደቀ ካልኩለስ አያነሣም፤ ይህንንም ልብ በሉ።)

ሁለተኛ ምርጫችሁን በግዴለሽነት አትሙሉት፤ ብዙዎቻችሁ የምትማሩት እሱን ይሆናልና። ኮምፒውተር ሳይንስ ላጣ ሰው ስታቲስቲክስና ሒሳብ ቅርብ ናቸው። የአሜሪካውን ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የመሰሉ ደግሞ ኮምፒውተር ሳይንስን ከሥነ ልሳን ወይም ከሥነ ፈለክ ጋር አጣምረው ያስተምራሉ፤ የእነዚህንም መግቢያ ለየብቻ ማጣራት ያስፈልጋል። «ለጊዜው የተገኘው ላይ ልግባ፣ በኋላ እቀይራለሁ» የሚለውን ሐሳብ ግን አልወደውም። ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ሬጅስትራር ሄዳችሁ ባለፈው ዓመት ከዚያ ዲፓርትመንት ወደምትፈልጉት የተዛወሩት ስንት እንደነበሩ ጠይቁ። መልሱ «ማንም» ከሆነ፣ የምትሞሉት ምርጫ የምትመረቁበት ነው ብላችሁ ሙሉት።