ሐውልቱን ከመግዛትሽ በፊት ገልብጠሽ ታቹን ጫሪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «የጓሮ አትክልት መደቦቼን ለልጆቼ የተረት መጽሐፍ ገጽ ማስመሰል እፈልጋለሁ። ትንንሽ ቤቶች፣ ቀያይ እንጉዳዮችና የእንስሳት ሐውልቶች ልገዛ ነው። የልጄ ልደት ከወር በኋላ ስለሆነ ከየት ልጀምር?» ነው ያልሽው። እስካሁን የተሰጠሽ መልስ ሁሉ «ዋው፣ ፎቶ ላኪልን» ነው። እኔ ግን ልለምንሽ፤ ሐውልቶቹን ካልገዛሽ ትንሽ ቆዪ። ከገዛሽም አፈር ሳታስነኪያቸው ይህን አንብቢ።

ስለ ማዳበሪያና ስለ ውሃ ማጠጣት አልነግርሽም። መደብ ያላት ሴት ይህ አይጠፋትም።

1. ማንኛውንም ሐውልት ገልብጠሽ ታቹን እዪ።

እኔ ያሠራሁት አያ ጅቦን፣ እመት ጦጣንና አንዲት ኤሊን ነበር። ከሠሪው ጋር ቁጭ ብዬ ነው የተነጋገርኩት። «ውጭ ነው የሚቀመጡት፤ ዝናብ ይችላሉ ወይ?» አልኩት። «ሲሚንቶ ነው እኮ! ለልጅ ልጅሽ ታወርሺዋለሽ» አለኝ። ሲያምሩ ደግሞ አይጣል ነው። አያ ጅቦ አንድ ጆሮው ዘንበል ብሎ፣ የሰረቀ የሚመስል ፈገግታ ይዞ ሰላጣው መሀል ተቀመጠ። እመት ጦጣ ከቆስጣው ጀርባ አጮልቃ ታየዋለች። ልጆቼ በደስታ ሊሞቱ ነበር።

ዝናቡ ሲገባ መጀመሪያ የጦጣዋ አፍንጫ አበጠ። ቀጥሎ ቀለሙ ፀሐይ እንዳቃጠለው ቆዳ መላጥ ጀመረ። ከስሩ ያለው ነጭ ነገር በጣቴ ስነካው ፈረሰ። ጀሶ! ንጹሕ ጀሶ።

ጀሶ ውጭ አይቆምም። አንድ ሊትር ውሃ ሁለት ግራም ያህል ጀሶ ያሟሟል። ሲሰሙት ትንሽ ነው፤ ግን ዝናብ በየቀኑ ሲመላለስበት ውስጡ ይለሰልሳል፣ ቀለሙም የሚይዘው ነገር ያጣል። መለያው ቀላል ነው። ታቹን አብዛኛውን ጊዜ ቀለም አይቀቡትም፤ እሱን በጥፍርሽ ጫሪው። በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ ጀሶ የሚሠራበት ጂፕሰም 2 ላይ ነው፤ የሰው ጥፍር 2.5 አካባቢ ነው። ጀሶ ከሆነ መስመር ይወጣበታል፣ ጥፍርሽ ስርም ነጭ ዱቄት ይቀራል። የደረቀ ሲሚንቶ ከሆነ የሚጎዳው ጥፍርሽ ነው። ይህን ሠሪው እያየሽ አድርጊው። ፊቱ ከተቀያየረ መልስሽን አገኘሽ ማለት ነው።

ሲሚንቶ ሆኖ ከተገኘም በተሠራ ማግስት መደብ ላይ አታስቀምጪው። አዲስ ሲሚንቶ ኖራማ ውሃ ይለቃል። በርሜል ውስጥ ዘፍዝፊው፣ ውሃውን እየቀያየርሽ ይሰንብት።

ግን እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ የሐውልቱ መፍረስ አይደለም። ቀለሙ ነው። ፍርፋሪው የሰላጣው እጥፋት ውስጥ ገብቷል። ቆስጣው ግንድ ስር ተጠራቅሟል። ካሮቱ ያለበት አፈር ቀይና ቢጫ ነጠብጣብ ሆኗል። ሄጄ «ምን ዓይነት ቀለም ነው የቀባኸው?» ብለው «ቀለም ቀለም ነው፤ ልትበይው ነው እንዴ?» አይለኝም? በደንበኞቹ ፊት! ሳቁብኝ። እኔ ደግሞ ነገሩ እሱ ነው፤ ልበላው ነው! ሰላጣዬ ላይ ነው የተራገፈው። የጀሶውን ነገር ሳነሳማ «ለውጭ መሆኑን መቼ ነገርሽኝ?» ብሎ ዓይኔን እያየ ካደኝ። ስንነጋገር አጠገባችን የነበረው ረዳቱ አንገቱን ደፋ። ገንዘቤም እዚያው ቀረ።

ለምን ይህን ያህል እንደተንጨረጨርኩ ልንገርሽ። ደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ የዘይት ቀለሞች ውስጥ ሊድ፣ ማለትም የእርሳስ ማዕድን፣ በብዛት የሚገኝበት ጊዜ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀለም የሚደግፈው ጣሪያ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 ብቻ ነው። ለልጆች ደግሞ «ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም» የሚባል መጠን አይታወቅም። ሊድ አፈር ውስጥ ከገባ አይበሰብስም፣ አይተንም፤ እዚያው ይቀመጣል። ቲማቲምን የመሰለ ፍሬ ብዙም አይወስደውም። ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር ናቸው አደጋው። እኔ ደግሞ የተከልኩት ሰላጣ፣ ቆስጣና ካሮት! የእኔ ሐውልት ሊድ ይኑርበት አይኑርበት ሠሪው ራሱ አያውቅም። ስለዚህ አትክልቱን በሙሉ ነቅዬ ጣልኩት። የላይኛውንም አፈር ገፍፌ አወጣሁት። ያ አፈር እኮ ብስባሽ እያበላሁ ለዓመታት ያሳደግኩት ነው። ለአፈር ያለቀሰች ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ?

መቀባት ካለብሽ በውሃ የሚቀጥን አክሬሊክ ተጠቀሚ፤ ማሸጊያው ላይ ኢኤን 71-3 (EN 71-3) የሚል ምልክት ፈልጊ። የአውሮፓ የአሻንጉሊት ደኅንነት መለኪያ ነው። ታሪኩ የማይታወቅ አሮጌ ቀለም የተቀባ በርና መስኮት ደግሞ፣ ምንም ቢያምር፣ ከሚበላ ነገር አጠገብ አይድረስ። ዘይት ዘይት የሚሸት የባቡር ሐዲድ እንጨትም እንደዚያው።

2. አትክልቱ ራሱ ይተውን።

ከዚያ ንዴት በኋላ ነው ይህ የገባኝ፣ አሁን ሰው ሁሉ የሚያደንቅልኝም ይህ ነው። ጥቅል ጎመን ለልጅ ዓይን ደን ነው። የሱፍ አበባ ግዙፍ ሰው ነው። ግንዱ ቀይና ቢጫ የሆነው ቆስጣ ከየትኛውም ቀለም ቅብ ይበልጣል። ቤት ከፈለግሽ እንጨት ላይ የሚጠመጠም አደንጓሬ ይሥራልሽ። ከ2 እስከ 2.5 ሜትር የሚረዝሙ ስድስት ወይም ስምንት እንጨቶች በክብ አቁሚ። እግራቸውን 30 ሳንቲ ሜትር ቅበሪ፣ ጫፋቸውን አንድ ላይ እሰሪ፣ ለበር 60 ሳንቲ ሜትር ክፍት ተይ። በየእንጨቱ ስር ሁለት ሦስት ፍሬ ዝሪ። አፈሩ ሞቅ ካለ ከሳምንት እስከ አስር ቀን ውስጥ ብቅ ይላል። ሁለት ወር አካባቢ ሲሆነው ግድግዳ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ በቀልድ አትለፊው። ጥሬ አደንጓሬ መርዛማነት አለው፤ አራት አምስት ፍሬ እንኳን ክፉኛ ሊያስታውክ ይችላል። በደንብ ሲቀቀል ይጠፋል። ልጆችሽ ያገኙትን ወደ አፍ የሚከቱ ከሆነ አደንጓሬውን ትተሽ በአተር ሥሪው። ቤቱ ያንሳል፣ ልብሽ ግን ያርፋል።

የእኔ ኩራት ግን ዱባው ነው። ዱባው ገና ጡጫ ሲያህል፣ ቆዳው ሳይጠነክር፣ በደነዘዘ ሚስማር ፊደል ይጻፍበታል። ከላይ ከላዩ ነው፤ ከሁለት ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ። መጀመሪያ እንባ የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል። ከዚያ ይደርቃል፣ ቀስ በቀስም ነጣ ያለ ቡናማ ጠባሳ ሆኖ ከቆዳው በላይ ይነሳል። ዱባው ባደገ ቁጥር ፊደሉም አብሮ ይሰፋል። አንዱ ላይ እኔ «ተረት ተረት» ብዬ ጻፍኩ። ሌላው ላይ ልጄ «የላም በረት» ልትጽፍ ፈልጋ የ«በ»ን ቀኝ እግር አስረዘመችው። «የላም ባረት» ሆኖ እጄን ዘርግቼ እስከማላቅፈው ድረስ አደገ። የመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ ፎቶ የሚያነሳው እሱን ነው። «ምን ይሄ የሕፃን ነገር» ስትል የነበረችው ጎረቤቴ ሳትቀር ዘሩን ለምናኛለች። ሰጠኋት፤ ቂም የለኝም። ትንሽ አለኝ።

ለትንንሽ ቤቶች ደግሞ ቅል ዝሪ። ከተቆረጠ በኋላ አየር የሚያገኝ ጥላ ውስጥ ለወራት ይደርቃል። ስትነቀንቂው ፍሬው ከተንኮሻኮሸ ደርሷል። በርና መስኮት ትቀጂለታለሽ፣ ታቹን ለውሃ መውጫ ትበሺለታለሽ። ቀለም አያስፈልገውም። ቢበሰብስም ብስባሽ ነው።

3. ጥላ። ፍሬ የሚሰጡት በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት የሚዘልቅ ፀሐይ ይፈልጋሉ። ቤቱንና ሱፉን ጥላቸው መንገድ ላይ ወይም ሰላጣ ላይ የሚወድቅበት ቦታ አድርጊ፤ ሰላጣ ጥላ ይችላል። ጠዋትና ከሰዓት ዱላ አቁመሽ እዪው። አለቀ።

መንገዱን ግን ቸል አትበዪው። ባለቤቴ መጀመሪያ «ይሄ ጎመን ነው ወይስ መዋዕለ ሕፃናት?» እያለ ሲያሾፍ ነበር። በኋላ መንገዱን የቀየሰው እሱ ነው። መግቢያው ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፣ እየጠበበ ሄዶ መጨረሻው ላይ 35 ይሆናል። ወደ ጫፉም ይታጠፋል። መጨረሻው ስለማይታይ ትንሹ ጓሮ ሩቅ አገር ይመስላል። ትልልቁን ቅጠል ከፊት፣ ደቃቁን ከኋላ ስትተክዪ ደግሞ ርቀቱ ይጨምራል። የምታስቀምጪውን ጌጥ ሁሉ ከመንገዱ ዳር አድርጊ። መደቡ መሀል ካደረግሽው ልጆቹ አሻንጉሊቱን ለመንካት አፈሩን ረግጠው ያጠጥሩታል። ከአንድ ወገን ብቻ የሚደረስበት መደብ ከ60 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከሁለቱም ወገን ከሆነ 1.2 ሜትር ይበቃል።

ቁጥሩን ተውኩት፤ ስንተኛ ላይ እንደሆንኩ ጠፍቶኛል።

ስለ ቀያዮቹ እንጉዳዮች። ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቀይ እንጉዳይ በየሥዕሉ ላይ የምናየው ነው፣ በእውን ግን መርዛማ ነው። እኔ የማስመሰያውን እንጉዳይ ከሚበሉት ነገሮች መሀል አውጥቼ በሩ አጠገብ አደረግኩት። ጓሮው ውስጥ «ቅጠፉና ብሉ» ተብሎ የተነገረው ልጅ ነገ ሌላ ቦታ እውነተኛውን ሲያገኝ እንዲምታታበት አልፈልግም። «አበዛሽው» የሚሉኝ አሉ። ይበሉ።

ከዚያ ይልቅ የምፈራው ቁልቁል የሚንጠለጠለውን፣ ጥሩምባ የመሰለውን ትልቅ አበባ ነው። ተረት ተረት የሚል ውበት አለው፣ አውቃለሁ። ከቲማቲምና ከድንች ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው፣ ነገር ግን ከቅጠሉ እስከ ፍሬው መርዝ ነው። ችግኝ ሻጭ «ለልጆች ጓሮ ጥሩ ነው» ብሎ ሊሸጥልኝ ሲሞክር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በምትኩ ናስቱርሺየም ትከዪ፤ አበባውም ቅጠሉም ይበላል፣ ብርቱካናማው ደግሞ ዓይን ይስባል።

ትንሽ ኩሬ አስበሽ ከሆነ ውሃውን በየሳምንቱ ሳትሰለቺ ድፊ። ሙቀት ካለ የወባ ትንኝም ሆነ ሌላዋ ትንኝ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ሳምንት ወይም ትንሽ ቢያልፍ ነው። ትንንሾቹን ቤቶች ደግሞ ጠዋት ጠዋት አንሥተሽ ስራቸውን እዪ። ቀንድ አውጣ ቀን ቀን የሚተኛው እዚያ ነው፤ ማታ ወጥቶ ሰላጣሽን ይጨርሳል። ልጆቼ «ተከራዮቹን እናስወጣ» እያሉ በጣሳ ይለቅሟቸዋል። ከሐውልቶቹ ሁሉ ይልቅ የሚወዱት ጨዋታ ይህ ሆኗል።

አሁን ወደ ልደቱ። በአንድ ወር ዱባ አይደርስም፣ አደንጓሬውም ቤት አይሆንም። እውነቱን ማወቅ ይሻልሻል። የሚደርስልሽ ራዲሽ የሚባለው ትንሽ ሥራ ሥር ነው፤ ዛሬ ከዘራሽው ከ25 እስከ 30 ቀን ውስጥ ይነቀላል። ለጋ ሰላጣም ይቆረጣል። ጥቅል ጎመንና ቆስጣ ችግኝ ገዝተሽ ትከዪ። እንጨቶቹን አቁመሽ በሲባጎ አያይዢያቸው፣ ለዕለቱ ነጠላ ጨርቅ ጣል አድርጊበት። ለተጋባዦቹ ልጆች ደግሞ ሁለት ሁለት የአደንጓሬ (ወደ አፍ የሚከቱ ከሆነ የአተር) ፍሬ አስይዢና በየእንጨቱ ስር ይቅበሩ። እያንዳንዱ ልጅ እንጨቱ ላይ ስሙን ይጻፍ። የኔን ልጅ ጓደኞች በዚህ መንገድ ነው የያዝኳቸው፤ «የኔ የት ደረሰ?» እያሉ በየሳምንቱ በር ያንኳኳሉ።

የመደቦችሽን ስፋትና ፀሐይ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደምታገኛቸው ጻፊልኝ፣ የት ምን ብታደርጊ እንደሚሻል እነግርሻለሁ። ሐውልቶቹን ቀድመሽ ገዝተሽ ከሆነም የታቻቸውን ፎቶ ላኪ። የፊታቸውን አይደለም፣ የታቻቸውን።