ዱባሽ ቀትር ላይ ስለጠወለገ ተጠምቷል ማለት አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጠዋትና ማታ እያጠጣሽው ዱባሽ ቀትር ላይ ይጠወልጋል። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነዋል። ጣት የሚያካክሉት ፍሬዎችም ሳያድጉ ይረግፋሉ። «ውሃ ልጨምርለት ወይስ ልቀንስ?» ነው ያልሽው። ቀንሺ። አቀናነሱ ግን ዘዴ አለው። በአንድ ጊዜ የምታጠጪውን ጨምሪና ቀኑን አራርቂ።

እኔ በዚሁ ነገር አንድ ጥሩ ዱባ ገድያለሁ። ዱባ በተከልኩበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። ሐረጉ ጓሮውን ሞልቶት ነበር። አንድ ቀን ቀትር ላይ ወጣ ስል ቅጠሉ ሁሉ እንደታጠፈ ጃንጥላ ቁልቁል ተንጠልጥሏል። ደነገጥኩ። አንድ ባልዲ ሙሉ ውሃ ደፋሁበት። ማታ ሳየው ቀና ብሏል። «አዳንኩት» ብዬ ደስ አለኝ። በማግስቱም ጠወለገ፣ በማግስቱም አጠጣሁ። ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ እንዲህ ቀጠልኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ቀና ሳይል ቀረ። አሁንም ውሃ ጨመርኩ። በመጨረሻ ስነቅለው ሥሩ ቡናማ ሆኗል። በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብ ሳደርገው ላዩ እንደ ልጣጭ ተላቀቀና እጄ ላይ ቀጭን ክር ብቻ ቀረ። ሽታው የቆመ ውሃ ሽታ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ማታ ማታ ዱባውን ቀና ያደረገው የኔ ባልዲ አልነበረም። ፀሐይዋ ስለበረደች ነው።

የዱባ ቅጠል ሰፊ ነው። በጠራራ ፀሐይ ሥሩ ስቦ ከሚያደርሰው በላይ ውሃ ከቅጠሉ ይተናል። ስለዚህ አፈሩ እርጥብ ቢሆንም ቅጠሉ ይረግባል። ሲረግብ ደግሞ ፀሐይ የሚያርፍበት ስፋት ይቀንስለታል። ሲመሽ ሥሩ ይደርስበትና ቅጠሉ ይነሳል። ስለዚህ ቀትር ላይ በሚያሳይሽ መልክ አትፍረጂ። ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ውጪና እዪው። በዚያ ሰዓት ቀና ካለ ደህና ነው። ማለዳም ጠውልጎ ካገኘሽው ግን ወይ ተጠምቷል፣ ወይ ሥሩ ታሟል። ክፋቱ ሁለቱም ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው። የሚለየው አፈሩን ስታዪ ነው።

የአፈሩን ላይ ብቻ አይተሽ አትወስኚ። ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብለሽ፣ ሥር እንዳትቆርጪ ተጠንቅቀሽ፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር በቀስታ ቆፍሪ። ከዚያ አንድ እፍኝ አፈር ዝገኚና ጨብጪው። ጭቃ ሆኖ በጣትሽ መሃል ከወጣ ውሃ በዝቷል። እጅሽን ስትከፍቺ ተጣብቆ ቆይቶ በጣት ነካ ሲያደርጉት የሚፈርስ ከሆነ በቂ እርጥበት አለው፣ ተይው። ሳይጣበቅ ዱቄት ሆኖ ከተበተነ አጠጪ። አሸዋማ አፈር እርጥብም ሆኖ ቶሎ ይፈርሳልና እዚያ ላይ እጅሽን ከቀዘቀዘሽ እርጥበት አለው ማለት ነው።

ስለ መጠኑ ከሆነ፣ በብዛት የሚሠራበት ልክ በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ነው። ይህ ለ1 ካሬ ሜትር 25 ሊትር ማለት ነው። ሐረጉ የደረሰበትን ቦታ ሁሉ አትለኪ፤ ሥሩ ያለበትን መደብ ብቻ ለኪ። ዝናብ ከዘነበ ከዚያው ላይ ቀንሺ። ሙቀት ሲበረታና ፍሬው ሲያብጥ ከዚህ በላይ ይፈልጋል። እኔ ሳምንታዊውን ውሃ ለሁለት ቀን ከፍዬ ነው የማጠጣው። አፈርሽ አሸዋማ ከሆነ ውሃ ስለማይዝ ሦስት ቀን አድርጊው። ጥቁርና የሚጣበቅ አፈር ከሆነ አንዴም ሊበቃው ይችላል።

ቀስ ብለሽ ማጠጣትሽ ከመጠኑ እኩል ወሳኝ ነው። አንድ ጊዜ በጎማ ለቅቄ ላዩ ኩሬ እስኪሠራ አጠጣሁና፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እስኪ ልይ ብዬ ቆፈርኩት። የረጠበው ሦስት ጣት ያህል ብቻ ነው። ከሥሩ አቧራ! ውሃው ወደ ጎን ፈስሶ ሄዷል። ሥር ደግሞ እርጥበት ያለበትን ተከትሎ ነው የሚያድገው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ካጠጣሽው ሥሩ ላይ ላዩን ይቀራል፤ ከዚያ አንድ ቀን ብትረሺው እንኳ ይጎዳል። ስለዚህ በዙሪያው ዝቅ ያለ ክብ ቦይ አበጂ። ግማሹን አፍስሺ፣ ሰርጎ እስኪያልቅ ጠብቂ፣ ከዚያ ቀሪውን። ውሃው ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። አንድ ጊዜ ቆፍረሽ ካረጋገጥሽ ልኩን ታውቂዋለሽ።

ጠዋት አጠጪ፣ ከሥር አጠጪ። ቅጠሉን አታርጥቢ። ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ካደረ ለቅጠል በሽታ ይመቻል፤ ከአፈር የሚረጨው ጭቃም በሽታ ይዞ ይወጣል።

ስለሚረግፉት ፍሬዎች ሁሉንም በውሃ አታሳብቢ። ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባው ለየብቻ ነው። ሴቴዋ ገና ሳትፈካ ከሥሯ ትንሽ ዱባ ይዛ ነው የምትወጣው፤ ወንዴው ቀጭን አገዳ ላይ ብቻውን ይቆማል። አበባዋ የምትፈካው ለአንድ ጠዋት ነው፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ትዘጋለች። በዚያች ጠዋት ንብ ካልጎበኛት ከሥሯ ያለችው ፍሬ ቢጫ ሆና ትረግፋለች። አንቺ በዚያው ሰዓት ከላይ ውሃ የምትረጪ ከሆነ ንቡ አይመጣም፣ የወንዴው ብናኝም ይበላሻል። ንብ ካላየሽ ራስሽ አድርጊው፤ ማለዳ አዲስ የፈካ ወንዴ አበባ ቁረጪና የአበባውን ቅጠል ገንጥለሽ ብናኙን በሴቴዋ መሃል ቀስ አድርገሽ አብሺ። ባለፈው በዚህ መንገድ ያዳቀልኳቸው አብዛኞቹ ይዘውልኛል።

አሁን ወዳንቺ ዱባ። ነገ ጠዋት ቆፍረሽ እዪ። ጭቃ ከሆነ አፈሩ ጠፈፍ እስኪል ድረስ ጠብታ አታጠጪ፣ ቀትር ላይ ቢጠወልግም ልብሽን ጠንከር አድርጊ። ቢጫ የሆኑት ቅጠሎች ተመልሰው አረንጓዴ አይሆኑም፤ አዲስ የሚወጡትን ተመልከቺ። እነሱ ደህና ከሆኑ ዱባሽ ተርፏል። አንድ ተጨማሪ ነገር ደግሞ አድርጊለት። ሐረጉ ቅጠል በሚያወጣበት አንጓ ላይ መሬት ሲነካ ሥር ይሰዳል። ጤነኛ የሆኑ ሁለት ሦስት አንጓዎችን ምረጪ፣ መሬቱን ትንሽ አላልተሽ እርጥብ አፈር ጣል አድርጊባቸው፤ ጫፉንና ቅጠሉን ግን አትቅበሪ። የድሮው ሥር የተጎዳ ከሆነ ሐረጉ በአዲሱ ሥር ይጠጣል። እኔ ያንን ዱባ ሳጣ ይህን አላውቅም ነበር፤ አሁን ግን ጤነኛ ቢሆንም ሳላደርግ አላልፍም። ሥር ሲሰዱ እነዚህንም ቦታዎች አጠጪ።

አፈሩ ጠፈፍ ሲል ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ አድርጊ። እርጥበቱን በደንብ ይይዛል። ግንዱን ግን እንዳይነካው፣ ይበሰብሳል። ጭቃው ላይ ጉዝጓዝ ካደረግሽ ውሃውን ነው የምታፍኚው፤ ስለዚህ አትቸኩዪ።

የተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቀብሮ በሱ ማጠጣትም ጥሩ ነው፤ ጊዜው ግን ዘሩ ሲተከል ነው። አሁን ለሱ ብለሽ ብትቆፍሪ ሥሩን ትቆርጪዋለሽ።

ፍሬ ሲይዝልሽ ደግሞ አንዴ ክፉኛ አድርቀሽ አንዴ አታጥለቅልቂው፤ ፍሬው ሊሰነጠቅ ይችላል። መሬት ላይ ያረፈውንም ከሥሩ ሣር ወይም ጣውላ አድርጊለት። መብሰያው ሲቃረብ፣ ማለትም ፍሬውን ከሐረጉ ጋር የሚያያይዘው አገዳ እየደረቀ እንደ እንጨት ሲሆንና ልጣጩ በጥፍር አልጫር ሲል፣ ውሃውን ቀንሺ፤ ከመቁረጥሽ አንድ ሳምንት በፊት አቁሚ። ስትቆርጪ ከአገዳው አንድ ጣት ርዝመት ያህል አስቀሪለት፣ ቶሎ እንዳይበሰብስ።

ነገ ቆፍረሽ ያገኘሽውን ጻፊልኝ፤ አፈሩ ጥቁር ይሁን አሸዋማም ንገሪኝ። ቀኑን ስንት ብታራርቂው እንደሚሻል ያኔ አብረን እናያለን።