የአባዬ ቀይ እስክሪብቶ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

አባዬ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በፊደል ለቃሚነት ተቀጥሮ በአራሚነት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አሁን ካንሰሩ ጉበቱ ላይ ደርሶ፣ ሐኪሞቹም «ቤቱ ይሻለዋል» ብለውን፣ አራት ኪሎ ቤታችን ተኝቷል። ስለ ሞት ማንም ፊቱ አያነሳም። ወንድሜ ግን ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ቀደም ብሎ ጽፎ ከመድኃኒት ወረቀቶቹ ጋር አስቀምጦት ኖሮ፣ አባዬ እጅ ገባ።

ክው አልን። እሱ «መነጽሬን፣ ቀይ እስክሪብቶም» አለ። «ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ» የሚለው ላይ ሲደርስ ሰረዘውና «እድራችን የቀበረው ሁሉ ደራሽ ነበር? ከየትኛው ለቅሶ ገለበጣችሁት?» አለን። ወንድሜ ለሞቱ ቀን ክፍት ቦታ ትቶ ነበር። አባዬ አከበበውና ጎኑ ላይ «ቀን ያልሞላ ጽሑፍ ለኅትመት አይገባም» ብሎ ጻፈ። እማዬ እንኳ ሳትቀር ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እሱም ሳል እስኪያፍነው ሳቀ።

አክስቴ ከሥላሴ ስትመለስ ደረሰችብን። «ወንድሜ እየሞተ ትስቃላችሁ? ጎረቤት ምን ይላል?» ብላ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። ይኸው 6 ቀን ሆነው፤ አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፣ ጨዋታ የለም። ወንድሜ ወረቀቱን ደብቆታል። አጥፍተናል? ነገ ይህ ሳቅ እንዳይጸጽተኝ እፈራለሁ።

ከአራት ኪሎ

እህቴ፣ አላጠፋችሁም።

እኛ አገር ሕመምን ከታማሚው መደበቅ የቆየ ልማድ ነው። ሐኪሙ ለልጅ ይነግራል፣ ልጅ «ትድናለህ» እያለ አጥሚት ያቀርባል፣ ታማሚው ግን ያውቃል። አባትሽ ይህን እውቀት ብቻቸውን ተሸክመውት ከርመዋል። ቀይ እስክሪብቶ ሲጠይቁ «እንደምሞት አውቃለሁ፤ አብራችሁኝ አውሩ» ማለታቸው ነበር። እናንተም በሳቃችሁ መለሳችሁላቸው።

ለቅሶ ድንኳን አድረሽ ታውቂ ይሆናል። ሲመሽ ካርታው ይወጣል፣ የሟች ጨዋታ ይነሳል፣ ከጥግ አንዱ መሳቅ ሲጀምር ሌላው ይከተላል። ሐዘንተኛውም አይቀየምም። ያ ሁሉ ሳቅ ግን ሟቹ ሳይሰማው የሚሳቅ ነው። የእናንተን አባትሽ ሰሙት፣ አብረዋችሁም ሳቁ።

እኔ ይህ አምልጦኛል። አባቴ በመጨረሻው ሳምንት «ካፖርቴን ለአጭር ሰው እንዳትሰጡት፣ መሬት ይጠርግበታል» ሲለኝ «አታሟርት!» ብዬ ዝም አሰኘሁት። ደግሞ አላነሳውም። ካፖርቱን ለማንም መስጠት አልሆነልኝም፤ ዛሬም ቁም ሣጥኔ ውስጥ ተሰቅሏል።

አንድ ነገር ግን አስቀድሚ፦ ዝምታቸው የስሜት ብቻ ላይሆን ይችላል። የሚያማቸው ሰው ጨዋታ አይመጣላቸውም። ሕመሙ ከብዶ እንደሆነ ራሳቸውን ጠይቂያቸው፤ ከባድ ከሆነ የሚከታተላቸውን ሐኪም ስለ ማስታገሻ፣ ሞርፊንም ጭምር፣ በግልጽ አነጋግሪ። ቤት ድረስ እየመጡ ታማሚ የሚንከባከቡ እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያሉ ድርጅቶችም አሉ። ሕመሙ ሳይታገሥ ቀልድ አትጠብቂ፤ ሲታገሥም ቀልዱን እሳቸው ይጀምሩት እንጂ እናንተ አትቅደሟቸው።

አክስትሽን ደግሞ አትከራከሪያት። የምታጣው ወንድሟን ነው፣ ያን ቀን ደግሞ ሳቁን ከውጭ ነው የሰማችው። ወንድምሽ በጻፈው ላይ የአባትሽ ልጅነት ስንት መስመር ይዟል? ሁለት ከሞላ ይገርመኛል። ያንን የምታውቀው እሷ ናት። ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ወረቀቱን አውጡት፣ እሷን አልጋው አጠገብ አስቀምጪያትና «ይሄን አንቺ ሙይልን» በያት። ለአባትሽ ቀዩን እስክሪብቶ ስጪና በሰረዙት ቦታ ምን እንዲገባ እንደሚፈልጉ ጠይቂያቸው።