ስለ ታቱ ቤት ንጽህና ለጠየቅሽው እህት

«አዲስ አበባ ውስጥ ንጹሕ ታቱ ቤት ጠቁሙኝ፤ እናቴ የጉበት በሽታ ይይዝሻል ብላ አስፈራርታኛለች» ላልሽው እህቴ፦ እናትሽ እውነቷን ነው። ጉበት የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጪ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። አያቴ አንገቷን የተነቀሰችው ከእኩዮቿ ጋር ተራ በተራ፣ በአንድ መርፌ ነበር። ያኔ ማን አውቆ!

የቤት ስም አልሰጥሽም። ዛሬ ጎበዝ የሆነው ሠራተኛ ነገ ወንበሩን ለሌላ ይለቃል። እኔ የመጀመሪያውን የተሠራሁት ኢንስታግራም ላይ ፎቶው አምሮኝ ነው። ቤቱ ያበራል፣ ልጁም ጓንት አድርጓል። መሃል ላይ ስልኩ ጮኸ። በዚያው ጓንት አነሳው፣ አወራ፣ ዘጋው፣ ተመልሶ ክንዴን ያዘ። ከዚያ በዚያው ጣት ከብልቃጡ ቫዝሊን ዛቅ አደረገ። የስንቱን ደም የነካ ጣት እዚያ ውስጥ እንደገባ ያሰብኩት ማታ ቤቴ ገብቼ ነው። እዚያው መናገር አፍሬ ነበር። በአራተኛው ቀን ክንዴ አብጦ፣ መግል ይዞ ክሊኒክ ሄድኩ። ዳንኩ፤ ሥዕሉ ግን ተበላሽቶ ቀረ።

ለሁለተኛው ቀድሜ ሄጄ ሌላ ሰው ስትሠራ ቁጭ ብዬ አየኋት። ካርትሪጁን (መርፌው ያለበትን ተቀያሪ ጫፍ) ደንበኛዋ ፊት ከማሸጊያው ቀደደችው። ቀለሙን በትንሽዬ የፕላስቲክ ክዳን ጠብ አደረገች፤ የተረፈውን ከነክዳኑ ጣለችው። ቫዝሊኑን አስቀድማ በንጹሕ እንጨት አውጥታለች። ማሽኑም ገመዱም በላስቲክ ተጠቅልሏል። ስልክ ስትነካ ጓንት ትቀይራለች። መርፌው ጤና ጣቢያ እንደምናየው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ገባ።

«መርፌውን በአልኮል እናጸዳዋለን» ካሉሽ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ። ደግመው የሚጠቀሙት የብረት መያዣ ካለ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት የሚያመክነው ማሽን) የት እንዳለ ጠይቂ፤ በ121 ዲግሪ እንፋሎት ቢያንስ 15 ደቂቃ መቆየት አለበት። የውበት ሳሎን ጥግ የሚሠሩት አንዳንዶቹ ሰማያዊ መብራት ያላት ሳጥን ያሳዩሻል። እሷ አታመክንም።

ደግሞ ቀድመሽ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ አድርጊ፤ ነጻ ከሆንሽ ተከተቢ። ክትባቱ እዚህ አገር ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ በእኛ ዕድሜ ላለን አልደረሰንም። ሌላው በደም የሚተላለፍ የጉበት ቫይረስ ሄፓታይተስ ሲ ግን ክትባት ስለሌለው መርፌው ላይ ድርድር የለም። የቢ ክትባት ሦስት ዙር ነው፣ ስድስት ወር ገደማ ይፈጃል። እስከዚያ ሥዕሉን ትመርጫለሽ።