ጥጉን ሳታይ እንጨት አትግዛ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከጎንደር የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፣ የቤት ጥግ ውስጥ ስለሚቆመው ባለ ጡሩምባ ስፒከር። ባለፈው ጊዜ በሁለት መስመር ብቻ ነክቼው ነበር ያለፍኩት፣ ይሄን ያህል ሰው መጋዝ ያስነሳል ብዬ አልጠበቅኩም፣ በጣም ደስ ብሎኛል።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ጋሼ ሰላም ነው? የእንጨት ስራ ትንሽ ትንሽ እሞካክራለሁ። የጥግ ስፒከር ፕላን ስልኬ ላይ አግኝቼ ልጀምር ነው፣ ግን ለምንድነው ጥግ ላይ ብቻ የሚቀመጠው? ከሞንታርቦስ በምን ይለያል? ስንት ኮምፔንሳቶ ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኮምፔንሳቶውን ለጊዜው ተወው። የእድር ጡሩምባ ሰምተህ ታውቃለህ አይደል፣ አንድ ሰውዬ ገና ሳይነጋ ባንድ ትንፋሽ ሰፈሩን በሙሉ ይቀሰቅሳል፣ ያው ሰውዬ ጡሩምባውን አስቀምጦ ቢጮህ ግን ከሁለት ግቢ አያልፍም። ትንፋሹ አልጨመረም፣ ከጠባብ ተነስቶ ቀስ እያለ የሚሰፋው ቱቦ ነው አየሩን አንቆ ይዞ እንዲገፋው የሚረዳው። ዉፈርም (ባሱን የሚያወጣው ትልቁ ክብ ስፒከር) እንደዛው ነው፣ ተራ ሳጥን ላይ ሲሆን ሲገፋ አየሩ ወደ ጎን ያመልጠዋል፣ ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣው ጉልበት አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ችግሩ ባስ ላይ ነው። የ40 ኸርዝ ድምፅ፣ ማለትም በሰከንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ፣ አንዱ ሞገድ ብቻ 8.6 ሜትር አካባቢ ይረዝማል፣ ይሄን አስተካክሎ የሚያወጣ ጡሩምባ ሜዳ ላይ ብትሰራ አፉ ከዳር እስከ ዳር 2.7 ሜትር ይሆናል፣ ማን ቤት ይገባል? ጥጉ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ሁለት ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ቦታ ድምፁ የሚበተንበትን ወደ አንድ ስምንተኛ ያጠበዋል፣ ስለዚህ የጡሩምባውም አፍ አንድ ስምንተኛ ይበቃዋል፣ ከ5.8 ካሬ ሜትር ወርዶ 0.73 ካሬ ሜትር ማለት ነው፣ የበር ግማሽ እንኳን አይሞላም። ከዛ ቱቦውን አጣጥፈህ ሳጥን ውስጥ ትከተዋለህ፣ የቱቦው መጨረሻ ግን የቤትህ ግድግዳ ራሱ ነው። እንግሊዝ አገር ፖል ቮይት በ1930ዎቹ የጥግ ጡሩምባ ሰርቶ ነበር፣ እስከዛሬ እየተመረተ ያለውን ክሊፕሾርን የሚባለውን የጥግ ስፒከር ደሞ ፖል ክሊፕሽ የሚባል አሜሪካዊ ኢንጂነር አርካንሳስ ውስጥ ሆፕ በምትባል ትንሽ ከተማ በ1946 እ.ኤ.አ. መሸጥ ጀመረ። አብዛኛው እጅህ የሚገባ ፕላን የሱ ልጅ ወይ የልጅ ልጅ ነው።

ሞንታርቦ የትም ብታቆመው ይሰራል፣ ለድንኳንና ለአዳራሽ ነው የተሰራው። ይሄኛው ግን ከጥጉ ስታወጣው ግማሽ ስፒከር ነው። ስለዚህ እንጨት ከመግዛትህ በፊት ሜትር ያዝና ክፍሉን ለካ፦ ከጥጉ በሁለቱም በኩል 1.2 ሜትር ያህል በርም መስኮትም ቁም ሳጥንም የሌለበት ግድግዳ አለህ? ሁለት ስፒከር ከሆነ የምትሰራው፣ ሁለቱ ጥጎች አንድ ግድግዳ ላይ ናቸው? ከዛ ግድግዳውን በቡጢ ምታው። ብሎኬት ከሆነ የሚያመው እጅህን ነው፣ ጥሩ ነው። በኮምፔንሳቶ የተከፈለ ክፍል ከሆነ ድም ድም ይላል፣ ባስህን እሱ ይበላዋል። ይሄን ካለፍክ የፕላኑን ቁራጮች በሙሉ ወረቀት ላይ 122 በ244 አርገህ አስምረህ ደርድራቸው፣ ስንት ባለ 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ እንደሚፈጅብህ እሱ ይነግርሃል። ባህር ዛፍ አታስገባበት፣ ይጣመማል። ዋንዛ ካለህ ለፊት ለፊቱ አስቀምጠው፣ ያምርበታል።

ጥያቄ (ከቀበሌ 18)፦ እኔ ሰርቼ ጨርሻለሁ፣ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ቦታ እንዳይዝብኝ ቁመቱን 10 ሳንቲ ቀነስኩለት፣ 15 ኢንች ዉፈር ገጠምኩ፣ ባሱ ግን የለም፣ ድምፁ ጣሳ ውስጥ ያለ ነው የሚመስለው። የምኖረው የድሮ ጭቃ ቤት ነው። ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ አይዞህ፣ እኔም የመጀመሪያዬን ያቆምኩት ጭቃ ቤት ውስጥ ነበር፣ የዛን ምሽት ከበሮው ካርቶን የሚመታ ሰው መስሎ ነው የተሰማኝ፣ አንጀቴ ነው የቆረጠው። ምክንያቱን ለማግኘት ሶስት ሳምንት ፈጀብኝ፣ ላንተ እንዳይፈጅብህ በቅደም ተከተል ልንገርህ።

መጀመሪያ ከጀርባው ግባ። ጭቃ ግድግዳ ወፍራም ከሆነ መጥፎ አይደለም፣ ችግሩ ሆዱ ወጣ ገባ ይላል። የኔ ሳጥን ከላይ ግድግዳውን ነክቶ ቆሞ ነበር፣ ወገቡ ጋ ግን አራት ጣቴ ይገባ ነበር፣ ያ ማለት ጡሩምባው መሃሉ ላይ ተቀዶ ነው ያለው፣ ቱቦው የተቀደደ ጡሩምባ ደሞ ማን ይሰማዋል። ቀጭን ጣውላ በግድግዳው ቅርፅ ልክ ቆርጬ ሳጥኑ ጠርዝ ላይ በቪቴ አሰርኩ፣ ፊቱ ላይ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቀድጄ ለጠፍኩበት፣ ከዛ ሳጥኑን ወደ ጥጉ ገፍቼ ማስደገፍ ነው። ያኔ ባሱ ወለሉ ላይ መጣ፣ ቁጭ ያልኩበት ዱካ ላይ እግሬ ስር ተሰማኝ።

ቀጥሎ ጧፍ አብራ። ከዉፈሩ ጀርባ ያለው ክፍል አየር ማስወጣት የለበትም፣ ጭራሽ። ስልክህ ላይ ያለ የ40 ኸርዝ ድምፅ በስፒከሩ ከፍተህ ጧፉን በመገጣጠሚያው ሁሉ ላይ ቀስ እያረክ አስኪደው፣ ነበልባሉ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ ቀዳዳ አለ። እኔ ታች ጥግ ላይ ቪቴው የሳተው ቦታ ስደርስ ነበልባሉ ተኛና ጠፋ። ሰጋቱራን በኮላ አቡክተህ እዛ ጠቅጥቅበት፣ አድሮ ሲደርቅ ደግመህ ፈትሽ። ብቻ ጧፉን ወደ ዉፈሩ ወረቀት እንዳታስጠጋ።

ሶስተኛው ዉፈሩ ነው። የመኪና ሰብዉፈር ከሆነ የገጠምከው እዚህ ስራ ላይ አይሆንም፣ ወረቀቱ ከባድ ነው፣ ዙሪያው ወፍራም ጎማ ነው፣ ብዙ ወዲያ ወዲህ እንዲል የተሰራ ነው። ጡሩምባ የሚፈልገው ቀላል ወረቀት፣ የታጠፈ የጨርቅ ዙሪያና ትልቅ ማግኔት ነው፣ ምክንያቱም ትንሽ ነው የሚንቀሳቀሰው ግን አየሩን በሃይል ነው የሚይዘው። እኔ አንዴ ኦሪጅናል ነው ተብዬ የገዛሁት ማግኔቱ ላይ የፕላስቲክ ሽፋን ነበረው፣ ስከፍተው ማግኔቱ ከሽፋኑ በግማሽ ያንስ ነበር፣ ያ ብር አሁን ድረስ ይቆጨኛል። ስትገዛ ሽፋኑን አስከፍት።

ስለ ቁመቱ ግን ልቆጣህ ነው። የቱቦው አሰፋፍ በልክ ነው፣ እስከ 40 ኸርዝ የሚወርድ ጡሩምባ በየ47 ሳንቲሜትሩ የቱቦው ካሬ ስፋት እጥፍ እየሆነ ነው የሚሄደው፣ አንተ ከአንዱ ፓነል 10 ሳንቲ ስትቆርጥ ልኩን በሙሉ አፋለስከው። ከላይ ያሉት ሶስቱ ካልፈቱልህ ፓነሎቹን በፕላኑ ልክ እንደገና ቁረጣቸው፣ ሌላ መንገድ የለውም።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ ስንት ዋት አምፕሊፋየር ይፈልጋል? እኛ ሰፈር መብራት በየጊዜው ይጠፋል፣ ትልቅ ጀነሬተር የሚፈልግ ከሆነ ይቅርብኝ።

መልስ፦ እንደውም ላንተ ነው የተሰራው። ክሊፕሾርን በ1 ዋት አንድ ሜትር ላይ 105 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ያወጣል ተብሎ ነው የሚፃፈው፣ ተራ የመደርደሪያ ስፒከር 88 አካባቢ ነው። የ17 ዴሲቤል ልዩነት በጉልበት 50 እጥፍ ማለት ነው፣ ሌላው 50 ዋት የሚበላበትን ድምፅ ይሄ በ1 ዋት ያወጣዋል። ባንተ እጅ የተሰራው እዛ ባይደርስ እንኳን ብዙም አይርቅም። በ12 ቮልት ባትሪ የሚሰራ ትንሽ ክላስ ዲ (ባትሪ የሚቆጥብ አይነት) አምፕሊፋየር ይበቃሃል፣ መብራት ጠፍቶ ማታ ሙሉ ትሰማለህ። አንድ ነገር ብቻ፣ የታጠፈው ባስ ቱቦ ከ400 ኸርዝ በላይ ድምፁ ይደፈርሳል፣ ስለዚህ ከዛ በላይ ላለው ለብቻው ትንሽ ጡሩምባና ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው) አርግለት፣ ድምፁን ለየስፒከሩ የሚከፋፍለውን ክሮስኦቨሩንም እዛው አካባቢ ቁረጠው። የዘፋኙ ድምፅ ያለው እዛ ላይ ነው፣ አትሰስትበት።

ጥያቄ (ከማራኪ፣ ተማሪ)፦ የተከራየሁት ክፍል አንዱ ጥግ በር ነው። ምን ላድርግ? ደሞ ጎንደር ከባህር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነች የፈረንጅ ፕላን ልኩ አይቀየርም?

መልስ፦ ልኩን አትንካው። የድምፅ ፍጥነት የሚቀየረው በሙቀት ነው እንጂ በከፍታ አይደለም፣ 20 ዲግሪ ላይ እዚህም ባህር ዳርቻም 343 ሜትር በሰከንድ ነው። እኛ ጋ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ጉልበቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ቮልዩም ነካ ብታረገው ያልቃል። ለጥጉ ግን በሩ በኩል ወፍራም ኮምፔንሳቶ አቁሞ የውሸት ጥግ መስራት ይቻላል፣ ሰዎች ያረጉታል፣ ኪራይ ቤት ውስጥ ግን አልመክርህም፣ ስትለቅ ቀጣዩ ክፍል ሌላ ነው የሚሆነው። በዛ ላይ ባስ ግድግዳ አይበግረውም፣ አጠገብህ የሚያጠና ልጅ አለ። አሁን ትንሽ ሳጥን ስራ፣ እጅህን አሰልጥን።

ጥያቄ (ከፒያሳ አካባቢ፣ አንዲት እናት)፦ ልጄ ሳሎኔ ውስጥ ይሄን ነገር ሊሰራ ነው። ስንት ቦታ ይይዝብኛል? ቤቱስ አይሰነጠቅም ወይ? የጣሊያን ጊዜ ቤት ነው።

መልስ፦ እናቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ቀናሁ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የተሰሩት እነዛ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም፣ ጥጋቸው ቀጥ ያለ ነው፣ ለዚህ ስራ ከዚህ የተሻለ ቤት ጎንደር ውስጥ አላውቅም። ቤቱ ምንም አይሆንም። አንዱ ስፒከር ቁመቱ 1.3 ሜትር፣ ወርዱ 80 ሳንቲ አካባቢ ነው፣ ጥግ ውስጥ ስለሚገባ ግን ያን ያህል ቦታ አይሻማም፣ ላዩ ላይ ፎቶ ማስቀመጥም ይችላሉ። የሚያስቸግርዎ የቡፌው መስታወትና ስኒዎቹ ናቸው፣ ባሱ ሲመጣ ይንጫረራሉ፣ ከስኒዎቹ ስር ጨርቅ ያንጥፉ፣ የቡፌውን በር ልጁ ጎማ ይለጥፍበት። እንጨቱን በክረምት እንዳይቆርጥ ግን ይንገሩልኝ፣ እርጥበት ስለሚጠጣ መስከረም ላይ መገጣጠሚያው ይከፈትበታል። ሲጨርስ መጀመሪያ በገና ይክፈትልዎ፣ የወፍራሙን ጅማት ንዝረት ሳሎንዎ ውስጥ ቁጭ ብለው ይስሙት። እኔንም ቢጠሩኝ እመጣለሁ።