2 ኪሎ ቀንሺ ብትባይ ከየት ትቀንሻለሽ?

ሰላም እህቴ፣ ሌላውም ሰው እንዲከታተል ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። ሜሪላንድ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ 3ኛ ዓመት ነሽ፣ በዲቪ ገብተሽ ግሪን ካርድ አለሽ፣ የኢንተርንሺፕ ኢንተርቪው ላይ "ትከሻ ላይ ተይዞ ከሚተኮስ ፀረ ታንክ ሚሳኤል 2 ኪሎ ቀንሺ ብትባይ ከየት ትቀንሻለሽ" ተባልሽ፣ "ቱቦውን በካርቦን ፋይበር እቀይራለሁ" አልሽ፣ ሰውየው ዝም አለሽ። አሁን ፊልዱን ልተወው ወይ እያልሽ ነው።

ኧረ አትተይው! መልስሽም ያን ያህል አይከፋም፣ ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣ መልስ ነው። ክብደቱ የሚወሰነው ማቴሪያል ሳይመረጥ ገና ሠራዊቱ "ይሄ ይሄ ይኑረው" ሲል ነው።

የአሜሪካኖቹን በትከሻ የሚተኮስ ፀረ ታንክ ሚሳኤል፣ ጃቭሊንን እዪው። ከሱ በፊት የነበረው ድራገን ተኳሹ ሚሳኤሉ ታንኩ ላይ እስኪደርስ ድረስ ኢላማውን ይዞ እንዲቆይ ያስገድድ ነበር፣ በዛ ሰዓት ሰውየው ራሱ ኢላማ ነው። በ1989 አሜሪካኖቹ ተተኪውን ሲመርጡ በሌዘር የሚመራ፣ በፋይበር ኦፕቲክ የሚመራ እና ተኩሰሽ የምትሄጂበት ባለ ሙቀት ካሜራ ቀርበውላቸው ካሜራውን መረጡ። እና ካሜራው ከነማቀዝቀዣ ጋዙ ከነባትሪው መጣ፣ ከህንፃ ውስጥም ይተኮስ ስለተባለ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ከቱቦው የሚያስወጣ ሞተር ከዛ ራቅ ሲል የሚነሳ ዋና ሞተር አስፈለገ፣ ታንኩ ላይ የሚለጠፈውን ፈንጂ ያለው ጋሻ ለማለፍ ደግሞ ፈንጂው ሁለት ሆነ፣ ሁሉም ሲደመር 22 ኪሎ ገደማ። ከዚህ ውስጥ 6.4 ኪሎው ግን ተመልሶ የሚያገለግለው ማነጣጠሪያ ነው፣ ይሄን ልብ በዪ።

ኤንሎው የሚባለው ሌላ በትከሻ የሚተኮስ ፀረ ታንክ ሚሳኤል ደግሞ 12.5 ኪሎ ነው። አፍንጫው ላይ ካሜራ የለውም፣ ተኳሹ ታንኩን ለጥቂት ሰከንድ ይከተለዋል፣ መሣሪያው ፍጥነቱን ያሰላና ታንኩ ሊደርስበት ወደሚችለው ቦታ ይበራል፣ ከላይ ሲያልፍ ወደታች ስስ ጣሪያው ላይ ይፈነዳል። የከፈለው ዋጋ ርቀት ነው፣ ሲወጣ 600 ሜትር ነበር፣ ጃቭሊን 2.5 ኪሎሜትር ይሄዳል።

ጣሪያውን መምታት ለምን ኪሎ እንደሚቀንስ ከገባሽ ደሞ ግማሹን ጨረስሽ። ፈንጂው ብረት የሚበሳበት ጥልቀት ከዲያሜትሩ ጋር ነው የሚያድገው፣ ክብደቱ ግን ከዲያሜትሩ ኪዩብ ጋር፣ ማለትም ሁሉን በእኩል ብታሳድጊ 10 ፐርሰንት ዲያሜትር 33 ፐርሰንት ክብደት ነው። ስስ ጣሪያ ለመብሳት ግን ትንሽ ፈንጂ ይበቃል። የራሺያው ኮርኔት 152 ሚሊሜትር ሆኖ የታንክ ፊት ሊበሳ የተሠራ ነው፣ መሪው ሌዘር ማስተኮሻው ላይ ቢቀመጥም ሚሳኤሉ ከነቱቦው 29 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ ትሪፖድ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ስለዚህ ቀጣይ ጊዜ ከመመለስሽ በፊት ጠይቂያቸው፦ የቱን 2 ኪሎ፣ የሚተኮሰውን ነው ወይስ ሁሌ የሚሸከሙትን? ስንት ሜትር ይሂድ? ተኳሹ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይችላል? በኔ ግምት ሰውየው የሚጠብቀው ይሄን ነበር።

የወረቀቱን ነገር ደሞ፣ በአይታር (የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ኤክስፖርት መቆጣጠሪያ) ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንደ አሜሪካ ሰው ይቆጠራል፣ ክሊራንስ (ሚስጥራዊ መረጃ ለማየት የመንግስት ፈቃድ) የሚጠይቀው ሥራ ግን ሲቲዝንሺፕ ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ባብዛኛው ከግሪን ካርድ በኋላ 5 ዓመት ነው። ማስታወቂያውን በደንብ አንብቢ፣ ክሊራንስ የማይሉት ላይ አፕላይ አድርጊ። ህሊናዬ አይፈቅድም ካልሽም ይሄው ሂሳብ ሳተላይትም ድሮንም ላይ አለ፣ ማንም አይፈርድብሽም። ኮርስ ላይ ኮንትሮልና ሂት ትራንስፈር አጠንክሪ፣ የሲኒየር ፕሮጀክትሽን የክብደት ሠንጠረዥ ሠርተሽ ላኪልኝና ሲቪሽ ላይ እንዴት እንደምናስገባው አብረን እናያለን።